ኩላሊት ሲደክም የሚመጣው ኢንሹራንስ፦ የአሜሪካ የ«አንድ ከፋይ» የጤና ሥርዓት ክርክር

በአሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ነው። ከዚያ ዕድሜ በታች ያለ ሰው ከሚያገኝባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ኩላሊቱ ሥራ ሲያቆም ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 የፈረሙት ሕግ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ሰው ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ሜዲኬር ውስጥ እንዲገባ ፈቀደ፤ እሱ ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም ወላጁ በቂ ጊዜ ሠርቶ ግብር የከፈለ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት የነበረው ሁኔታ የሚዘገንን ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሲያትል ከተማ የእጥበት ማሽኖች ጥቂት ስለነበሩ ማን ሕክምናውን ያግኝ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስን ከነዋሪዎች የተውጣጣ ኮሚቴ ነበር። አባላቱ የታማሚውን ሥራና የልጆቹን ብዛት፣ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ሳይቀር ይመለከቱ ነበር።

ሕጉ ያንን አስቀርቷል፤ ጥሩ ሕግ ነው። ከሕክምናው ጎን ለሚያየው ሰው ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለበት። በአሜሪካ ኩላሊታቸው አዲስ ከሚደክምባቸው አራት ሰዎች የሦስቱ ያህል መነሻው ስኳር ወይም የደም ግፊት ነው። ሁለቱም ኩላሊትን የሚጎዱት ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ነው፤ በመካከሉ ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። ለግፊት የሚታዘዙት እንደ አምሎዲፒንና ሊሲኖፕሪል ያሉ ኪኒኖች ርካሽ ናቸው። የሚወደደው ኪኒኑን የሚያዝዘው ሐኪም ጋ መድረስ፣ የደምና የሽንት ምርመራውና ክትትሉ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው የ45 ዓመት ሹፌር ይህን ክትትል ቢዘልለው አይገርምም፤ አያመውም፣ ቀጠሮው ግን ያስከፍለዋል። ከዓመታት በኋላ ኩላሊቱ ሲደክም መንግሥት ይመጣል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ለሚወስደው እጥበትና ተያያዥ ሕክምና ለአንድ ሰው በዓመት ወደ 100,000 ዶላር የሚጠጋ ወጪ ይሸፍናል።

የባሰም ነበር። ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚያደርጉ መድኃኒቶችን ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ መውሰድ አለበት። ሜዲኬርን ያገኙት በኩላሊት ምክንያት ብቻ የሆኑ ሰዎች ግን ከንቅለ ተከላው 36 ወር በኋላ ሽፋናቸው ይቋረጥ ነበር። መድኃኒቱን መግዛት ያልቻለ ሰው ኩላሊቱን ያጣና ወደ እጥበት ይመለሳል፤ ያኔ ሜዲኬር እንደገና ይከፍልለታል። ይህ በሕግ የተስተካከለው በ2020 መጨረሻ ሲሆን ተግባራዊ የሆነው በጥር 2023 ነው። ነገሩ ሞኝነት መሆኑን ሁሉም እያወቀ ለማስተካከል አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ኩላሊት የተለየ ስለሆነ አይደለም። የአሜሪካ የጤና ሥርዓት ችግር በትንሹ የሚታይበት ቦታ ስለሆነ ነው። ስኳርና ግፊት ሰውን ዕድሜ ልኩን ይከተሉታል፤ ኢንሹራንሱ ግን ሥራውን፣ ዕድሜውን፣ ገቢውን፣ የሚኖርበትን ግዛትና የመኖሪያ ወረቀቱን ነው የሚከተለው። ከእነዚህ አንዱ በተለወጠ ቁጥር ካርዱ ይለወጣል፣ ከካርዱ ጋር ሐኪሙ ይለወጣል፣ አንዳንዴም ሁለቱም ይጠፋሉ።

ኢንሹራንስ ከሥራ ጋር የተቆራኘው ማንም አስቦበት አይደለም። በ1942፣ በጦርነቱ መካከል፣ መንግሥት ደመወዝ እንዳይጨመር ሲያግድ አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ የጤና ኢንሹራንስን እንደ ጥቅማ ጥቅም ማቅረብ ጀመሩ፤ በ1954 የወጣው የግብር ሕግ ደግሞ ይህን ጥቅም ከግብር ነፃ አድርጎ አጸናው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1945 ለሁሉም ዜጋ የሚሆን ብሔራዊ ኢንሹራንስ ለኮንግረስ አቅርበው ነበር፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አጥብቆ ተቃወመ፣ ሐሳቡም ቀረ። የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ቦታ የሚያኮራ አይደለም።

«አንድ ከፋይ» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው መንግሥት ሆስፒታሎችን ይወርሳል፣ ሐኪሞችም የመንግሥት ሠራተኛ ይሆናሉ ማለት ይመስለዋል። አይደለም። አንድ የሚሆነው ገንዘቡ የሚሰበሰብበትና የሚከፈልበት ቋት ነው። በካናዳ አብዛኞቹ ሐኪሞች በግላቸው ይሠራሉ፤ ሂሳቡን የሚልኩት ግን ለአንድ ክፍል፣ ለክፍለ ሀገራቸው መንግሥት ነው። ታይዋን በ1995 ተበታትነው የነበሩ የኢንሹራንስ ዓይነቶችን አዋህዳ ይህንኑ አድርጋለች። እድር ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ መዋጮው ከሁሉም ይሰበሰባል፣ ያዘነ ቤት ይረዳል። አንድ ሰፈር ውስጥ መቶ እድር ቢኖርና እያንዳንዱ የራሱ ጸሐፊ፣ የራሱ ደንብና «ይህ ሐዘን አይመለከተንም» የሚል የራሱ ጠበቃ ቢኖረው ከመዋጮው ምን ያህሉ ለሐዘንተኛው እንደሚተርፍ መገመት አያዳግትም።

አሜሪካ በ2023 ለጤና ያወጣችው 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ነው፤ ለአንድ ሰው 14,570 ዶላር፣ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 17.6 በመቶ። የካናዳ ድርሻ ወደ 12 በመቶ ነው፤ ካናዳውያንም በአማካይ ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖራሉ። ይህ ሁሉ ወጥቶ በዚያው ዓመት 26 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በአሜሪካ ምንም ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ኢንሹራንስ ያላቸውም ቢሆኑ ዲዳክቲብል የሚባለው፣ ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜ ከሐኪም ያስቀራቸዋል።

ታክሱ ይጨምራል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ሐሳቡን የሚደግፍ ሰው ይህን መደበቅ የለበትም። የኮንግረስ የበጀት ቢሮ በታኅሣሥ 2020 አምስት ዓይነት የአንድ ከፋይ ዕቅዶችን መርምሮ የፌዴራል መንግሥት ወጪ በ2030 ከ1.5 እስከ 3 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚጨምር ገምቷል። ያው ጥናት ግን የአገሪቱን ጠቅላላ የጤና ወጪም አስልቷል፤ እንደ ዕቅዱ ዓይነት ከ0.7 ትሪሊዮን ቅናሽ እስከ 0.3 ትሪሊዮን ጭማሪ ይደርሳል ብሏል። ቤተሰብ ማየት ያለበት ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው። በ2024 በአሠሪ በኩል የሚገኝ የአንድ ቤተሰብ ኢንሹራንስ ዓመታዊ ዋጋ በአማካይ 25,572 ዶላር ነበር። ሠራተኛው በቀጥታ የሚከፍለው ከዚህ ወደ 6,300 ዶላር ነው፤ የቀረውን አሠሪው ይከፍላል፣ ግን በደመወዝ መልክ ሊያገኘው ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ታክስ ባይባልም ከሰው ኪስ ይወጣል።

ቬርሞንት የተባለችው ትንሽ ግዛት ይህን ለብቻዋ ልትሞክር በ2011 ሕግ አውጥታ ነበር። በ2014 መጨረሻ ገዢዋ ፒተር ሹምሊን ትተውታል፤ በአሠሪዎች ላይ 11.5 በመቶ የደመወዝ ግብር፣ በነዋሪዎች ላይ ደግሞ እስከ 9.5 በመቶ የገቢ ግብር ያስፈልግ ስለነበር ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ትንሽ ግዛት ብቻውን ይህን መሸከም እንደሚከብደው ነው። ተቃዋሚዎች ሐሳቡ ራሱ እንደማይሠራ ማስረጃ ያደርጉታል፤ ካናዳ ግን ከአንድ ክፍለ ሀገር ነው የጀመረችው። ሳስካችዋን በ1962 የሐኪም ክፍያን ለሁሉም ስትሸፍን ሐኪሞቹ ለ23 ቀናት አድማ መትተው ነበር። አድማው አለቀ፣ ሥርዓቱም በሌሎቹ ክፍለ ሀገሮች ተስፋፋ።

የወረፋው ተቃውሞ ከበድ ይላል። በካናዳ ለዳሌ ወይም ለጉልበት መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና ወይም ለስፔሻሊስት ወራት መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ከሆስፒታል ውጭ የሚወሰዱ መድኃኒቶችንም ሥርዓቱ ለሁሉም አይሸፍንም። በአሜሪካ ጥሩ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ወደ ካናዳ ዓይነት ሥርዓት ቢዛወር አንዳንድ ነገር ይዘገይበታል። ገንዘብ የሌለው ሰው ግን ዛሬም ወረፋ ላይ ነው፤ ስሙ በየትኛውም መዝገብ ስለማይገባ አይቆጠርም እንጂ። ሁለቱ ወረፋዎች ሲነጻጸሩ የቱ ይሻላል ብትሉኝ ቢያንስ ማን በብርቱ ታሟል ተብሎ የሚደረደረውን እመርጣለሁ።

ስደተኛ ቤተሰብ ላይ ሲደርስ

የተበታተነ ሥርዓት ጉዳቱ በአሜሪካ ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ ጎልቶ ይታያል። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት በዲቪ የመጣ አዋቂ ግሪን ካርድ ይዞም ለሜዲኬይድ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል። ልጆቻቸው ያመጧቸው እናት ወይም አባት 65 ዓመት ቢያልፋቸውም፣ በአሜሪካ ሠርተው የማያውቁ ከሆነ ሜዲኬርን በክፍያ ለመግዛት እንኳ አምስት ዓመት መኖር አለባቸው። ግፊትና ስኳር ይዘው ለሚመጡ አረጋውያን እነዚህ ዓመታት ረጅም ናቸው። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ በሩን አጥብቦታል። ግሪን ካርድ ገና ያላገኙ ስደተኞችና ጥገኝነት የተሰጣቸው ሰዎች ከጥቅምት 2026 ጀምሮ ከፌዴራል ሜዲኬይድ በአብዛኛው ይወጣሉ። አምስቱን ዓመት በመጠበቅ ላይ ያለና ገቢው ከድህነት መስመር በታች የሆነ ሰው ደግሞ ኢንሹራንስ ለመግዣ ያገኝ የነበረው ድጎማ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ቀርቷል።

ሴናተር በርኒ ሳንደርስ በ2017፣ የምክር ቤት አባሏ ፕራሚላ ጃያፓል በ2019 ያቀረቧቸው ረቂቆች ሽፋኑ «ለአሜሪካ ነዋሪ ሁሉ» ነው ይላሉ። ነዋሪ ማን እንደሆነ የሚለውን ግን ለመመሪያ ይተዉታል፤ ረቂቁ አንድ ቀን ቢጸድቅ የእኛ ሰዎች መከታተል ያለባቸው ያችን መመሪያ ነው። ለጊዜው ሁለቱም ረቂቆች አልጸደቁም፣ በቅርቡ ይጸድቃሉ የሚያሰኝ ነገርም አይታይም።

እስከዚያ ድረስ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ኢንሹራንሱ ሲቋረጥ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ሥራ ለቀው ሽፋን ያጡ ከሆነ በገበያው፣ ማርኬትፕሌስ በሚባለው፣ አዲስ ለመመዝገብ 60 ቀን አለዎት፤ ካለፈ እስከ ዓመቱ ምዝገባ ሊጠብቁ ይችላሉ። በየከተማው ያሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች እንደ ገቢ ያስከፍላሉ። የደረት ሕመም፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ሲኖር ስለ ክፍያ ሳያስቡ 911 ይደውሉ፤ በ1986 በወጣው ሕግ ድንገተኛ ክፍሉ መክፈል መቻልዎን ሳይጠይቅ የመመርመርና የማረጋጋት ግዴታ አለበት። ትልቅ ሂሳብ ከመጣ በዝርዝር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ከሆነም የክፍያ እርዳታ ማመልከቻውን ይውሰዱ፤ በጽሑፍ የተዘጋጀ የእርዳታ ደንብ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል። ለዚህ ሁሉ አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ ይችላሉ፤ ልጅዎ እንዲያስተረጉም አይገደድም።