ተራራ በጫፉ አይመዘንም



ባለፈው ሳምንት በአሰላ፣ የጭላሎ ተራራ በመስኮት በሚታይበት ክፍል ውስጥ ስለ ከፍታና ስለ አየር ጠባይ ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «መምህር፣ ፈረንጆች በበረዶ ላይ እንደሚንሸራተቱት በጭላሎ ላይ መንሸራተት ይቻላልን?» ሲል ጠየቀኝ። ከአንዲት ልጅ በቀር ክፍሉ በሙሉ ሣቀ።

መልሱ አጭር ነው። ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ቢኖረውም፣ አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች የወረደው በረዶ አይሰነብትም፤ ፀሐይ ሲያየው ይቀልጣል። ይሁን እንጂ ስኪ የሚባለው ይህ ጨዋታ ለኢትዮጵያዊ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ተወላጅ የሆነው ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በቶሪኖ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒኮች በረጅም መንገድ የስኪ ውድድር ስለ አገራችን ተሰልፏል።

ልጁ ግን በዚህ አልረካም። «እንግዲያስ ጥሩ ተራራ የሚባለው ምን ዓይነት ነው?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ለእናንተም ማካፈል ፈለግሁ።

ብዙዎቻችን ተራራን የምንመዝነው በጫፉ ነው። የስኪ ሰዎች ግን እንዲህ አያደርጉም። ወደ ተራራው ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ጀማሪም ሊቅም ያልሆነ መካከለኛ ስለ ሆነ፣ ተራራው የሚመሰገነውም የሚነቀፈውም በመካከለኛ ቁልቁለቱ ነው። በአሜሪካ ቀላሉ መንገድ በአረንጓዴ ክብ፣ መካከለኛው በሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ አስቸጋሪው በጥቁር አልማዝ ምልክት ይታወቃል። በፈረንሳይ ደግሞ በሰማያዊውና በጥቁሩ መካከል ቀይ ይገባል። በአሜሪካ ልማድ መካከለኛ የሚባለው ከ25 እስከ 40 በመቶ የሚያዘቀዝቅ ነው፤ ይኸውም 100 ሜትር ወደ ፊት በተኬደ ቁጥር ከ25 እስከ 40 ሜትር ወደ ታች መውረድ ማለት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ! ምልክቱ የሚሰጠው በዚያው ተራራ ካሉት ከሌሎቹ መንገዶች ጋር ተነጻጽሮ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ተራራ ሰማያዊ በሌላው ዘንድ ጥቁር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ብልህ ሰው ቀለሙን ብቻ አያምንም፤ ሦስት ነገር ይመረምራል። አንደኛ፣ ቁልቁለቱ አንድ ወጥ ነው ወይስ ድንገት ገደል ይሆናል? ሁለተኛ፣ ሳይቆራረጥ የሚኬድበት በቂ ርዝመት አለውን? ሦስተኛ፣ የደከመ ሰው የሚወጣበት ቀላል መንገድ አለ ወይስ መጨረሻው ወደ ጥቁሩ ይጥላል?

የእነዚህን ጥያቄዎች ዋጋ እኔ የተማርሁት በጸጸት ነው። አርሲ ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና ደራርቱ ቱሉን ያፈራች ምድር ስለ ሆነች፣ እዚህ የሚኖር ሁሉ እግሩ እንደ እነርሱ ይመስለዋል። ባለፈው ዓመት ጥቂት ተማሪዎች ይዤ ወደ ጭላሎ ስወጣ፣ ከገብስ ማሳ ዳር ያገኘናቸውን አንድ ሽማግሌ «አባባ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ልጄ፣ ቀላል ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከብት ነድተውበታል። እኔ ግን «ለማን?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ዳገቱን በዘፈን ወጣነው። ከአስታው ቁጥቋጦ በላይ ደርሰን ስንመለስ ጉም ወረደብን፤ ሣሩም ረጥቦ ነበርና አንዲት ተማሪ ተንሸራትታ ጉልበቷ ተጎዳ። በየተራ እያዘልናት ከተማ የገባነው ከመሸ በኋላ ነው። እናቷን ከደጃፍ ቆመው ሳያቸው የምናገረው ጠፋኝ። ጥፋቱ የሽማግሌው አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ልጅቱ ዛሬ ድናለች፤ ሌሎቹ ሲሥቁ ያልሣቀችው እርሷ ናት።

የስኪ ተጫዋች በሽቦ በተንጠለጠለ ወንበር ወደ ላይ ወጥቶ ጉልበቱን ለቁልቁለቱ ይቆጥባል። እኛ ግን ጉልበታችንን በዳገቱ ጨርሰን በዛለ እግር እንወርዳለን። ስለዚህ መንገዳችንን የምንመዝነው በአወጣጡ ሳይሆን በአወራረዱ ይሁን።

መለኪያውም ከባድ አይደለም። የአንድ ሜትር ዘንግ ይዛችሁ አንዱን ጫፍ ቁልቁለቱ ላይ አሳርፉ፤ ሌላውን ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ በአየር ላይ ያዙ። በግማሽ ውሃ የያዘና የተከደነ ጠርሙስ በላዩ አጋድማችሁ ዘንጉ እስኪስተካከል ድረስ ውሃውን ተመልከቱ። ከዚያ በአየር ላይ ካለው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ለኩ፤ 25 ሳንቲሜትር ከሆነ ቁልቁለቱ 25 በመቶ ነው። ከ40 ካለፈና ሣሩ ርጥብ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ ፈልጉ። የጉዞ ልክ የብርቱው ሳይሆን የደካማው እግር ነውና።

እናንተ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ሆይ! በመጪው የዕረፍት ቀን ወደ ተራራ ስትወጡ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን አትርሱ። «ቀላል ነው» የሚላችሁንም ሰው አመስግናችሁ፣ በትሕትና «ለማን?» ብላችሁ ጠይቁት።