ማርክ ብቻውን ምስክር አይሆንም

በሒሳብ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪውን የጨረሰ ወጣት፤ ለከፍተኛው ደረጃ ሲያመለክት አብዛኛውን ጊዜ የሚተማመነው በማርኩ ነው። ማርክ መልካም ነው። ነገር ግን መራጮቹ የሚሹት የተማረውን የሚደግም ሳይሆን፤ አንድ ጥያቄ ይዞ ወራት የሚታገል ሰው ነው። ይህንንም አጥብቆ ሊመሰክርለት የሚችል ሥራውን በቅርብ ያየ መምህር ነው። «ትጉህ ተማሪ ነበር» የሚል ደብዳቤ ለማንም ስለሚጻፍ ማንንም አያስመርጥም።

ስለዚህ ተማሪው ሳይመረቅ አናሊሲስንና አልጀብራን ከነማረጋገጫቸው ይወቅ፤ ከመምህሩም ጋራ አንድ ጥያቄ ይዞ ይሥራ፤ የደረሰበትንም ይጻፍ። መሠረቱ የሳሳበትም ተስፋ አይቁረጥ። ፕሮፌሰር አብዱስ ሳላም በ1964 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር በትሪየስት ከተማ ያቋቋሙት ማዕከል፤ ከታዳጊ አገሮች ለሚመረጡ ወጣቶች የአንድ ዓመት የሒሳብ ዲፕሎማ ትምህርት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ምስክር በማመልከቻው ዋዜማ አይፈለግም፤ አስቀድሞ በሥራ ይገኛል እንጂ።