ወደ ግሸን በቤተሰብ መኪና

ነሐሴ ሲጋመስ በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ዘንድሮ ግሸን እንሄዳለን ወይስ አንሄድም?» የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም ዓመታዊ በዓል መስከረም 21 ቀን ነው። ጥያቄው ነሐሴ ላይ ከተነሳ ጊዜ አለ። መስከረም 15 ላይ ከተነሳ ግን ደሴ ላይ አልጋ፣ ጋራዥ ውስጥ ወረፋ ማግኘት ከባድ ነው።

ዘንድሮ በእኛ ቤት ጥያቄውን ያነሳችው የባለቤቴ እናት ናት። ልጇ ባሕር ማዶ ሲሄድ «በሰላም ካየሁት በእግሬ ግሸን እወጣለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ልጁ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊመጣ ነው። እሷ ደግሞ 76 ዓመቷ ነው፤ ደም ግፊት አለባት፣ ጉልበቷም ያማታል። ልጆቿ ተሰብስበው «ስለቱን እኛ እናድርስልሽ» አሏት። «የተሳልኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ ለራሳችሁ ተሳሉ» አለች። ከዚያ በኋላ ክርክሩ መሄድ አለመሄድ መሆኑ ቀርቶ እንዴት እንሂድ ሆነ።

እንግዳ ከውጭ የምትጠብቁ ከሆነ መጀመሪያ የቀን አቆጣጠሩን አስተካክሉ። መስከረም 21 በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች ግን በማግስቱ ዓመት ኦክቶበር 2 ይሆናል። በዚህች አንድ ቀን ምክንያት ትኬት ያበላሹ ሰዎች አውቃለሁ።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከውጭ የሚመጣው ልጅ ቁጥሩን ሰምቶ «ጠዋት ተነስተን ማታ ግሸን ነን» ይላል። በሰፊ አውራ ጎዳና ለለመደ ሰው 400 ኪሎ ሜትር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በዚህ መስመር ግን ከስምንት ሰዓት በታች ይደረሳል ብላችሁ አታቅዱ። በበዓሉ ሰሞን ደግሞ አውቶቡሱና ሚኒባሱ ስለሚበዛ ይብሳል። ልጆችና አዛውንት የጫነ መኪና አንድ ሌሊት ደሴ ማደር አለበት፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታችሁ፣ ደብረ ብርሃን ቁርስ በልታችሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሴ ግቡ።

መኪናውን የሚፈትነው ከደብረ ብርሃን በኋላ ያለው ነው። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ክረምቱ ገና ስላልወጣ ጉሙ ጠዋት ጠዋት ከፊት ያለውን መኪና ይሸፍናል። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስትጀምሩ ሸዋ ሮቢት እስክትደርሱ 2,000 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ሹፌሮች መጨረሻ ላይ የሚሸታቸው የራሳቸው ፍሬን ነው። በከባድ ማርሽ ውረዱ። ስለዚህ ጋራዥ ስትሄዱ ከዘይቱ በፊት ፍሬኑን አሳዩ፤ ስኮርታውን አስነፉ፣ ክሪኩም መኖሩን እዩ። በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ቤተሰቦች፣ መኪናችሁ ቦሌና ሲኤምሲ ስላመላለሰቻችሁ ብቻ ዳገቱን አትመኑ። ቻርጅ የምታደርጉበት ቦታ በእርግጠኝነት ካልታወቀ የዘመድ ናፍጣ መኪና ተዋሱ።

ይህ ከፍና ዝቅ የሰውም ፈተና ነው። ደብረ ብርሃን ወፍራም ሹራብ የለበሰ ልጅ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ ያጠምቀዋል፤ ደሴ ሲደርስ እንደገና ይበርደዋል። ልብሱን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት፤ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። መኪና የሚያስመልሰውን ልጅ ወደፊት እያየ እንዲሄድ አስቀምጡት፣ ስልክም አታስይዙት። ለአዛውንቷ ሐኪሟን ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት አማክሩ። መድኃኒቷ ለጉዞው ቀናት ከሚያስፈልገው በላይ ይያዝ፤ ከሻንጣ ሳይሆን ከእሷ ቦርሳ አይለይ።

የመንገዱ ሰላም ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ባለፉት ዓመታት በዚህ መስመር መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። ከመነሳታችሁ ሦስት ቀን በፊት፣ ዋዜማውን፣ ከዚያም የምትነሱበት ጠዋት ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴና ደሴ ላለ ሰው ደውሉ። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ቅሩ። ሌላው አማራጭ አውሮፕላን ነው፤ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ከዚያ ደሴ ቅርብ ነው። ወጪው ይበልጣል፤ ለ76 ዓመት ጉልበት ግን ከመንገዱ ይሻላል። እኛም እማማን ከአንድ የልጅ ልጅ ጋር በአውሮፕላን ለመላክ፣ ሌሎቻችን በመኪና ለመሄድ ተስማምተናል። ስለቱ «በእግሬ» የሚለው ለአምባው ነው እንጂ ለጣርማ በር አይደለም ብለን አሳምነናታል።

ከደሴ ወደ ግሸን ያለውን የተራራ መንገድ ለማያውቀው ሹፌር አልሰጥም። ደሴ ላይ መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር መቅጠር ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። መኪናው ከቆመ በኋላ በእግር የሚወጣ ሽቅብ አለ፤ መግቢያው ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። ለእማማ ወጣት ልጅ በግራ በቀኝ፣ በትር፣ ጋቢ፣ በየጥቂት እርምጃው ዕረፍት። ለሕፃናት ግን ሐሳቤ ሌላ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ይዛችሁ ለ21 ባትወጡ ይሻላል። ትምህርት ቤቱም የተከፈተው ገና ነው። ግሸን በሌላ ቀንም ግሸን ናት፤ በጥቅምት ሰማዩ ይጠራል፣ ሕዝቡም ይቀልላል። ልጆች ሊጠፉ የሚችሉበት ቦታ ላይ የምታውቁትን የስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ፤ ኔትወርክን አትመኑ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ።

ትልልቆቹ ልጆች «ለምን ይህን ያህል ርቀን እንሄዳለን?» ማለታቸው አይቀርም። መኪና ውስጥ የምትነግሯቸው ታሪክ ሞልቷል። መስቀለኛው አምባ የጌታ ግማደ መስቀል ያረፈበት ነው ተብሎ ይታመናል። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ ዙፋን ሊመኙ የሚችሉ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት እስር ቤት ነበር። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው ከዚያ ወርደው በ1434 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነገሡ፤ መስቀሉን ግሸን ያስቀመጡትም እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። የታሰሩበትን ተራራ የከበረ ማድረግ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳያይ በ1759 ያሳተመው «ራሴላስ» የተሰኘው ልብ ወለድም ተራራ በከበበው ስፍራ ስለተዘጋበት የኢትዮጵያ ልዑል ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህ ከስልኩ ቀና ለማለት ይበቃል።

ስትመለሱ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ለመግባት አትሞክሩ፤ ሹፌሩ ሌሊቱን ያደረው በቆመበት ነው። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅ ላይ ብታርፉ እመክራለሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም፤ ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ በር ላይ ደርሶ መኮራረፍ አለ። ወንዶቹ ተሳልመው እስኪወጡ ሌላው ሐይቁ ዳር ዓሣ ይብላ። የጽጌ ጾም የሚገባው መስከረም 26 ነው፤ ማግስቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ ዓሣውን የሚከለክላችሁ የለም።