“ጌታ ይባርክህ” ደመወዝ አይደለም

የንባብ ክፍል፦ ነህምያ 13፥10-14

ዛሬ የምጽፈው ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። አንዳንዶቻችሁ ትቀየሙኛላችሁ። ከተጠያቂዎቹ አንዱ እኔ ስለሆንሁ መጀመሪያ የምወቅሰው ራሴን ነው።

ሮቤ ውስጥ አንድ ወንድም ነበር። በተከራያት አንዲት ክፍል ዝማሬ ይቀርጻል። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፏል፣ በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅሏል። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ። እንግዲህ ስቱዲዮ የምንለው ይህን ነው። ከዚያች ክፍል የወጡ መዝሙሮች በአማርኛም በኦሮምኛም በጎባ፣ በዲንሾ፣ እስከ ደሎ መና ድረስ በየስልኩ ይደመጣሉ። ባለፈው መኸር ያ ወንድም ኪቦርዱን ሸጦ በኮምባይነር ላይ ረዳት ሆኖ ስንዴ አጨዳ ሄደ።

ነህምያ ከንጉሡ ዘንድ ተመልሶ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ያገኘው ይህንኑ ነበር። የሌዋውያኑ ድርሻ አልተሰጠም፤ አገልጋዮቹና መዘምራኑ እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሽተዋል። ነህምያ ታዲያ ሸሽተው የሄዱትን “መንፈሳዊነት ጎደላችሁ” ብሎ አልገሠጸም። የተቆጣው ሹማምንቱን ነው። የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ ብሎ የጠየቀው እነርሱን ነው። እኛ ግን ይህን ክፍል የምናነበው ስለ አሥራት ስንሰብክ ብቻ ነው።

ሥራውን ያላያችሁ ትኖራላችሁና ልንገራችሁ። ቀን መቅረጽ አይችልም። ቀን ባጃጅ አለ፣ ወፍጮ አለ፣ የጎረቤት ልጆች አሉ፤ ማይኩ ሁሉን ይሰማል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡና በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንድ መስመር እንኳ ንጹሕ ሆኖ አይቀረጽም። ስለዚህ የሚሠራው ሌሊት ነው። የባሌን ሌሊት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጣት ኪቦርድ ላይ ይደነዝዛል። መብራት ይሄዳል። ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ዘማሪው ሳይለማመድ ይመጣል። “መንፈስ እንደ መራኝ ነው የምዘምረው” ይላል። አንዲቱን ስንኝ ሃያ ጊዜ ይላታል፤ ልጁ ከሃያው ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል ከሦስተኛው፣ የመጨረሻውን ከአሥራ አራተኛው እየቆረጠ ይሰፋዋል። የተንሸራተተውን ኖታ በሶፍትዌር ወደ ቦታው ይመልሳል፣ የተዛነፈውን ከምቱ ጋር ያስተካክላል፣ የትንፋሽ ድምፅ ይቀንሳል። ከዚያ ሚክሱን በጆሮ ማዳመጫ ይሰማዋል፣ በስልክ ይሰማዋል፣ ወጥቶም አንዱን የባጃጅ ሾፌር “እስቲ በአንተ ስፒከር ክፈታት” ብሎ ይሰማዋል፤ ሕዝባችን የሚሰማው እዚያ ነውና። ለአንድ መዝሙር ሳምንት ይፈጃል። መዝሙሩ ሲወጣ ስለ ዘማሪው “ምን ዓይነት ቅባት ነው!” እንላለን። (ቅባቱን አልክድም። ኖታውን ግን ማን እንዳስተካከለው አውቃለሁ።)

በመጨረሻ ልጁ ምን ያገኛል? “ጌታ ይባርክህ።”

እኔም ብያለሁ። ያን ጊዜ ያገለግልሁባት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አልበም ሲያወጡ ከዚሁ ወንድም ጋር የተዋዋልነው እኛ ነበርን። ግማሹን ቀብድ ሰጠን፣ ግማሹን “ከሽያጩ” አልነው። ሰው መዝሙርን በፍላሽ እየተገለበጠና በስልክ እየተላለፈ በሚሰማበት ዘመን ሽያጭ ከየት ይመጣል? አልመጣም። አንድ ቀን ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ “ፓስተር፣ ያቺ ቀሪ ነገር እንዴት ሆነች? የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለኝ። ይቅርታ የጠየቀው እርሱ ነው! እኔ እጄን ጭኜ ጸለይሁለት። ጥሩ ጸሎት ነበር። ሲወጣ ኪሱ ሲገባ እንደነበረው ነው።

“አገልግሎት ነው እንጂ ንግድ አይደለም” የሚል መልስ አለን። ይህን የምለው እኔ ግን ደመወዝ አለኝ። ስፒከር ያከራየን ሰው ይከፈለዋል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣው እንግዳ ዘማሪ የመኪናና የአልጋ እንከፍላለን፣ ስጦታም አለው። አገልግሎት የሚባለው የእርሱ ተራ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የራሳችን ልጅ ነው፣ ዝምተኛም ነው።

ጳውሎስስ መብቱን አልተወም ወይ? ትቷል፤ አንደኛ ቆሮንቶስ 9ን ግን ደግማችሁ አንብቡ። የተወው የራሱን ነው። ስለ ሌላው ሠራተኛ ድርሻ እስከ ወታደሩ፣ ወይን ተካዩና እረኛው ድረስ ይሟገታል። የሌላውን ሰው ደመወዝ ስለ ወንጌል ብሎ መተው ግን መቀማት ነው። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 እንዲህ ያለው ደመወዝ ይጮኻል ይላል፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል። እስቲ አስቡት፣ በአንድ መዝሙር ውስጥ ሁለት ድምፅ ወደ ሰማይ ሲወጣ።

አንዳንዴ ልጁ ራሱ “በነጻ ልሥራው” ይላል። ኦርናም ለዳዊት አውድማውንም በሬውንም እንካ ብሎት ነበር። ዳዊት ግን ዋጋ ያልከፈልሁበትን ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ ሃምሳ ሰቅል ብር ከፈለ። እኛ በስንዴ አገር የምንኖር ሰዎች የአውድማን ዋጋ እናውቃለን።

ደግሞ እንወቅሰዋለን። “ለዘፈን ይሠራል፣ ለሠርግ ይሠራል” ብለን ሽማግሌዎች ጠርተነው እናውቃለን። አንድ የመንዙማ ባለሙያ ቀድሞ ከፍሎ ቀርጾ እንደሄደ ያን ቀን ነገረን፤ ማናችንም ቀና ብለን አላየነውም።

ሕጉም ብዙ አያስጥለውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን፣ የከዋኙን፣ የፕሮዲዩሰሩንና የብሮድካስት ድርጅቱን መብት ይዘረዝራል። ሌሊቱን ሙሉ ቁልፍ ሲጫን ያደረው ሰው በዚያ ሥራው ብቻ ከእነዚህ አንዱ አይሆንም። ያለው መብት የተዋዋለው ክፍያ ነው። እርሱን ካስቀረንበት ሁሉን አስቀረንበት።

ድሮም ያለ እነዚህ ሰዎች አልሆነልንም። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ ወንጌልን በአየር ሲያሰማ፣ ከሰባኪው ጀርባ ቴፑን የሚያስነሳ ደመወዝተኛ ቴክኒሻን ነበረ። ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት ሲታሰር፣ ዝማሬው በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ይሄድ ነበር። የዘማሪውን ስም እናውቃለን፤ እናክብረውም። ካሴቱን የቀዳውን ግን ማን ያስታውሰዋል? በዘጸአት 31 እግዚአብሔር በመንፈሱ እንደሞላው የተነገረለት ባስልኤል የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ስሙም ከነአባቱ ተጽፏል።

ገንዘብ የለንም የምትሉ፣ እውነት ነው፤ ዝናቡ ሲቀር መባውም ይቀራል። እንግዲያው አሥር መዝሙር አትቅረጹ፣ ሦስት ቅረጹና ክፈሉ። ቀብድ በልቶ የሚጠፋ ባለ ስቱዲዮም አለ፤ እርሱን በውል ያዙት፣ የታማኙን ላብ ግን በእርሱ ስም አትብሉ።

ጉዳዩን ለዚያች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አቅርቤ ነበር። ቀሪው ተዋጣ፤ የጎደለውን እኔ ሞላሁ። ባለፈው ሐሙስ ጎባ ሄጄ ለእርሱ ሰጠሁት፤ አሁን እዚያ የሰው ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ሳይቆጥር ኪሱ ከተተና፣ “ፓስተር፣ መዘምራኑ ሁለተኛውን መቼ ይጀምራሉ?” አለኝ። ኪቦርዱን መሸጡን ረስቶት እንደሆነ እንጃ። እኔም “ገና ገንዘቡ አልተሰበሰበም” አልሁት።