ፈቃዱም አብሮ ይሰጥ
የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች ለሰርኪት ቦርድ ንድፍ የሚሆኑ የሬዚስተርና የቺፕ ምልክቶችን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየገለበጡ ሲለዋወጡ እናያለን። መተባበሩ ያስመሰግናል፤ ነገር ግን የሠሪው ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ በመንገድ ይቀራል። ክፍት ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም።

ኪካድ የተባለው የንድፍ ፕሮግራም የምልክት ስብስቡን የሚሰጠው በክሬቲቭ ኮመንስ 4.0 ፈቃድ ነው። በስብስቡ ቦርድ የሚነድፍ ሰው ንድፉን ለሌላው የመግለጥ ግዴታ የለበትም፤ ስብስቡን ራሱን የሚያሠራጭ ግን ሠሪዎቹን ጠቅሶ በዚያው ፈቃድ ማሠራጨት ይገባዋል።

ፈቃዱ ያልታወቀ አንድ ሥዕል የገባበትን ስብስብ ማንም ተማምኖ ሊያሠራጭ አይችልም፤ በአንዱ ቸልታ የሁላችን ድካም ይታሰራል። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሥዕሉን ሲሰጡ ፈቃዱንም አብረው እንዲሰጡ፣ መምህራኖቻችንም የተማሪን ንድፍ ሲያርሙ ፈቃዱን እንዲጠይቁ እናሳስባለን።