ቀዩ ሳይጠፋ የሚጮኽ ክላክስ

እስራኤል ውስጥ የትራፊክ መብራት አረንጓዴ ከመሆኑ በፊት ቀዩና ቢጫው ለአፍታ አብረው ይበራሉ። ሹፌሩ እንዲዘጋጅ እንጂ እንዲነዳ አይደለም። በቤር ሼቫዋ ራሞት ሰፈር ግን፣ በተለይ የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት እሑድ ጠዋት፣ ወታደሩ ወደ ካምፑ፣ ነርሷ ወደ ሶሮካ ሆስፒታል፣ ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲጣደፍ፣ ቢጫዋ ብልጭ ስትል ከኋላ ክላክሱ ይንጫጫል። በከተማ ውስጥ ክላክስ የተፈቀደው አደጋ ለመከላከል ብቻ ነው። ይህን ሕግ ለፈተና ያላጠና ሹፌር የለም፤ ካለፈ በኋላ የሚያስታውሰው ነው የጠፋው።

ጥድፊያው ምን ያተርፋል? አምስት ኪሎ ሜትር በሰዓት 50 ሲነዱ 6 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ60 ቢበሩ 5 ደቂቃ። የተረፈችውን አንዲት ደቂቃ የሚቀጥለው አደባባይ ይበላታል። በ50 የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አምስት ሜትር ላይ ተለጥፎ የሚከተል ሰው ፍሬን ለመርገጥ እንኳ ጊዜ የለውም።

የእኛን ሰው ከጩኸቱ ይልቅ የሚያመው ሌላ ነገር ነው፦ «ጥቁር ስለሆንኩ ይሆን?» ጥያቄው ከሜዳ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት በቤተ እስራኤላውያን ላይ አድልዎ መኖሩን በመንግሥት ማኅተም መስክሯል። ቢሆንም ከኋላ የሚጮኸው ሰው የሚያየው ታርጋችንን እንጂ ፊታችንን አይደለም። ለእሱ ማንም ብንሆን አንድ ነን፤ መንገድ የዘጋን ቆርቆሮ። ይህን ማሰብ እኔን በጣም ያሳርፈኛል።

ጎን ለጎን መጥቶ፣ መስኮት አውርዶ፣ አይቶን የሚሳደበው ግን ሌላ ነው። ያኔ «ወርጄ ልጠይቀው» የሚል ወንድነት ይነሣል። አገር ቤት ለጠበኞች ሽማግሌ ይገባል፤ ዘመድ አለ፣ ነገ መተያየት አለ። መንገድ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ፖሊስ ሲደርስም መሬት ላይ ቆሞ የሚገኘው ወጣታችን እንደ ሌላው ይታመናል ብዬ ለመማል ይከብደኛል። ፍትሕ አይደለም፤ እያንገበገበኝ ነው የምጽፈው። ስለዚህ በሩ ይቆለፍ፣ መስኮቱ ይዘጋ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ይቅር። ተከትሎ ከመጣ ወደ ቤት አይመሩትም፤ ሰው ወዳለበት ወይም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነድቶ 100 መደወል ነው።

ይህን ትዕግሥት የሚማሩት ከጅምሩ ነው። ወጣት አዲስ ሹፌር ቢያንስ 28 ትምህርት ወስዶ መንጃ ፈቃድ ካገኘ በኋላም የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሁልጊዜ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ማታ ማታ ልምድ ያለው ሰው ከጎኑ መቀመጥ አለበት። ክላክስ ሲጮኽበት «ተወው፣ ይለፍ» ወይም «ምን አባቱ!» ሲባል የሚሰማው እዚያ ነው። ወላጆቹ መንጃ ፈቃድ የሌላቸው ልጅ አጎት ወይም ጎረቤት ይለምናል። ተለምኖ የመጣው ደግሞ፣ እንደማየው፣ ስልኩን ሲነካካ ነው የሚደርሰው።