የስም አወጣጥ በኮድና በኔትወርክ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በኮምፒውተር ዓለም ግን ስም የሚያወጣው ሥራውን ለማስረከብ የሚጣደፍ ተማሪ ወይም ባለሙያ ነው። «ሀ»፣ «ዳታ2»፣ «የመጨረሻ_አዲስ» የሚሉ ስሞች ፕሮግራሞቻችንን የሞሉትም ለዚህ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ግል ምርጫ ያዩታል። እኛ ግን የስም አወጣጥ ከልኬት የማይለይ ሳይንሳዊ ጉዳይ ነው እንላለን።

በፊዚክስ አሃዱ ያልታወቀ ልኬት ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 «ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር» የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ማርስ እንደ ደረሰች ጠፋች። በምድር ላይ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም የትናንሽ ሞተሮቿን ግፊት በፓውንድ-ሰከንድ አስልቶ ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ፕሮግራም ቁጥሩን በኒውተን-ሰከንድ ወሰደው፤ የአሃዶቹ ልዩነት 4.45 እጥፍ ነው። ትክክለኛውን አሃድ የሚደነግግ ሰነድ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ድንጋጌው ግን ከቁጥሩ ጋር አብሮ አልተጓዘም። ስም ብቻውን እንዲህ ያለውን ስሕተት ሁሉ ይከላከላል አንልም። ሆኖም «ግፊት» ከማለት ይልቅ «ግፊት_በኒውተን_ሰከንድ» ማለት፣ ኮዱን የሚያነብ ሁሉ ስለ አሃዱ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ይህ ጥንቃቄ በተለይ ለእኛ ያስፈልገናል። «ዓመት» የተባለ ተለዋዋጭ 2010ን ቢይዝ በየትኛው አቆጣጠር ነው? በኢትዮጵያና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ። «ሰዓት» 3 ቢልስ? በዚህም የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ፊደላችንም የራሱ ፈተና አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ተለዋዋጮችን በግዕዝ ፊደል መሰየምን ይፈቅዳል፤ ይሁንና «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስለዚህ አብረው የሚሠሩ ሰዎች አጻጻፉን አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል።

ስለ ኮድ ያልነው ለውስጥ ኔትወርክ እንዳለ አይሠራም። ተለዋዋጭ ትርጉሙን ይዞ ይኖራል፤ ሰርቨር ግን ክፍሉን፣ ሥራውንና ኃላፊውን ይለውጣል። «ፎቅ2-ሂሳብ» የተባለው ሰርቨር ምድር ቤት ወርዶ የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ሲይዝ ስሙ ሐሰት ይሆናል። ዶን ሊብስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው፣ አር.ኤፍ.ሲ. 1178 በሚባለው የምክር ጽሑፍ፣ ማሽንን በያዘው ፕሮጀክት ወይም በራስ ስም መሰየምን ነቅፎ፣ ከአንድ ዘርፍ የተወሰዱ ስሞችን መጠቀምን መክሯል። ለእኛም «አባይ»፣ «አዋሽ»፣ «ተከዜ» አሉን። ማሽኖቹ በመቶ ሲቆጠሩ የወንዝ ስም አይበቃም የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው፤ ያን ጊዜ ተራ ቁጥር ይሻላል። ቦታውና ሥራው ግን በመዝገብ ይጻፍ። የኔትወርኩንም የስም መጨረሻ በዘፈቀደ መፍጠር አይገባም፤ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን እ.ኤ.አ. በ2024 «ኢንተርናል» የሚለውን መጨረሻ ለውስጥ አገልግሎት ለይቶ አስቀምጧል።

ሁለቱ ምክሮች የሚቃረኑ ቢመስሉም መሠረታቸው አንድ ነው፤ የማይለወጠው በስሙ ውስጥ ይግባ፣ የሚለወጠው ከስሙ ውጭ ይመዝገብ። የዛሬው ተማሪ የመመረቂያ ፕሮግራም ነገ የሌላ ተማሪ መነሻ ነው። ያ ተማሪ ጸሐፊውን አግኝቶ መጠየቅ አይችልም፤ የሚጠይቀው ስሞቹን ብቻ ነው።